የምያ ይን ቀኝ እጅ

በወርቅ ክፍላችን ውስጥ ማውራት አይቻልም። የከለከለን አሠሪያችን አይደለም፣ ወርቁ ራሱ ነው። ወንዶቹ ውጭ በከባድ መዶሻ ሲደበድቡ ውለው የሚያሳሱትን የወርቅ ቅጠል እኛ ሴቶቹ ውስጥ ተቀምጠን በቀንድ ጫፍ እያነሳን እንቆርጠዋለን፣ በወረቀት መሃልም እናስቀምጠዋለን። ምእመናን ገዝተው የቡድሃው ምስል ላይ የሚለጥፉት እሱን ነው። ከመሳሳቱ የተነሳ አንዲት ሴት ካስነጠሰች የጠዋቱ ሥራ ተበትኖ ይቀራል። ስለዚህ መስኮቱ ዝግ ነው፣ ማራገቢያ የለም፣ ወሬ የለም። እንደ እኔ አፏ ለማያርፍ ሴት ይህ ቅጣት ነው። ስንስቅ እንኳ በአፍንጫችን ነው የምንስቀው።

ምያ ይን ግን ለዚህ ክፍል የተፈጠረች ትመስል ነበር። ከልጅነታችን ጀምሮ ከጎኔ ነው የምትቀመጠው። እጇ ሲስት ያየ ሰው የለም። ትተነፍሳለች ወይ ብዬ ደረቷን ሰርቄ የተመለከትኩባቸው ቀናት አሉ። አሠሪያችን ኡ ባ ቲን አዲስ ልጅ ሲቀጥር ወደ እሷ ይጠቁምና "አይተሽ ተማሪ" ይላል፤ ሌላ ትምህርት አይሰጥም። ከክፍሉ ውጭም ያው ናት። በከተማችን በማንዳሌይ ሞተር ብስክሌት አፍንጫዋ ሥር ሲያልፍ ሌላው ሰው ይጮሃል፣ ይሳደባል፤ እሷ ቆም ትልና መንገዷን ትቀጥላለች። እኔ በበኩሌ ይህ ጸባይዋ ያናድደኝ ነበር። ሰው አንዳንዴ መጮህ አለበት።

ባሏ ታን ፔ ከመዶሻ መቺዎቹ አንዱ ነበር። ክንደ ብርቱ፣ ተጫዋች፣ ሰው የሚወደው ሰው። ልጃቸውን ለታችኛው አገር ሰው ከዳሩ በኋላ አንድ ቀን መመንኮስ እፈልጋለሁ አለ። እኛ ዘንድ ወንድ ሁሉ አንዴ ሁለቴ ይመነኩሳል፤ ሳምንት ወይም አንድ ክረምት ይቆይና ተመልሶ ሎንጂ ሽርጡን ይታጠቃል። ታን ፔ ያለው ግን እስከ መጨረሻው ነው። ያገባ ሰው ደግሞ ሚስቱ ካልፈቀደች አይቀበሉትም። ስለዚህ በገዳሙ አዳራሽ፣ ሰፈሩ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ትልቁ አባ ወደ ምያ ይን ዞረው "ፈቅደሻል ወይ?" ብለው ጠየቋት።

"ፈቅጃለሁ" አለች።

ከዚያ ማሰሮዋን አነሳችና እንደ ወጉ ውሃውን ጠብታ በጠብታ አፈሰሰች። ጽድቁ ለሁሉም እንዲደርስ ሁላችንም ድምፃችንን አንድ አድርገን "መልካም ተሠራ" አልን። ሲያልቅ ደግሞ ተሰልፈን እንኳን ደስ አለሽ አልናት። "ስንቱ ባል በመጠጥ ይሄዳል፤ ያንቺ በጽድቅ ሄደልሽ" ያለቻት ሴት አለች። ምያ ይን ሁሉንም አመሰገነች፣ ለእንግዳው የዓሣ ሾርባ በኑድል አቀረበች፣ ድስቱን አጠበች፣ በማግሥቱ ጠዋት ሥራዋ ላይ ተቀመጠች። ምን ልትል ትችል ነበር? በጽድቅ ላይ አይለቀስም።

እንዲህ ሆኖ ዓመታት አለፉ። ከጥቂት ጊዜ በፊት ግን እንቅልፍ እምቢ አላት። መንጋጋዋ ያማታል፣ አንገቷ አልዞር ይላል፣ ምግብ ደረቷ ላይ ይቆማል። ሐኪሙ መርምሮ ምንም አላገኘባትም፤ ጭንቀት ነው ብሎ ክኒን ሰጣት። ክኒኑን አሳየችኝና "ምን አስጨነቀኝና?" አለችኝ። የእውነት ነው የጠየቀችኝ።

የውሃው በዓል ደረሰ። ያን ሰሞን ከተማው ሁሉ መንገድ ላይ ወጥቶ እየተራጨ ያብዳል፣ ወርቅ ቤቱም ይዘጋል። ልጅነታቸው ያለፈ ሰዎች ደግሞ ከጩኸቱ ሸሽተው ወደ ማሰላሰያ ማዕከል ይገባሉ።

"እንሂድ" አልኳት። "ቢያንስ ደረቅ ሆነን እንተኛለን።"

"የሚኬደው ለመተኛት አይደለም እኮ።"

"አንቺ አሰላስዪ፣ እኔ እተኛለሁ።"

እንዳልኩትም ሆነ። የማዕከሉ መምህርት እማሆይ ኬማ ይባላሉ። ሳይመነኩሱ በፊት ገበያ ዓሣ ይሸጡ ነበር። ፀጉራቸውን ሲላጩ ድምፃቸው አብሮ አልተላጨም፤ ቀስ ብለው ሲናገሩ እንኳ ከግቢው ማዶ ይሰማል። ትምህርታቸው አጭር ናት። እግርሽን አጣጥፈሽ ተቀመጪ፤ ሆድሽ ሲነሳ "ተነሳ"፣ ሲወርድ "ወረደ" በዪ። ጉልበትሽ ሲያምሽ "ህመም" በዪ፤ ሐሳብ ሲመጣ "ሐሳብ" በዪ። ከዚያ ወደ ሆድሽ ተመለሺ። እኔ "ተነሳ፣ ወረደ" እያልኩ አገጬ ደረቴ ላይ ወደቀ፤ ጎረቤቴ በክርኗ እስክትቀሰቅሰኝ ድረስ ተኛሁ።

በማግሥቱ እንደ ልማዱ ያየነውን ልንነግራቸው ተራ በተራ ፊታቸው ተንበረከክን። የምያ ይን ተራ ደረሰ።

"እማሆይ፣ ሆዴን አጣሁት።"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ይነሳል፣ ይወርዳል አሉኝ። የኔ አይነሳም፣ አይወርድም። ቀኑን ሙሉ ፈለግኩት።"

እማሆይ ትንሽ አዩዋት። "ሥራሽ ምንድን ነው?"

"ወርቅ ቆራጭ ነኝ።"

እማሆይ ሳቁ፤ በዓሣ ነጋዴ ሳቅ። "ልጄ፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ወርቅ የለም። ብታስነጥሺ የሚበር ነገር የለም። ተንፍሺ።"

እኔም ሳቅኩ። ከዚያ እጄን ሆዴ ላይ ሳደርግ የኔም አይንቀሳቀስም። ሁላችንም የዚያ ክፍል ሴቶች አየርን በአፍንጫችን ጫፍ ቀምሰን ነው ለካ የምንኖረው። ያን ቀን መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ግቢው መሃል ቆሜ ሳምባዬ እስኪሞላ መሳብ ነበር። ራሴ ዞረና ቁጭ አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ምያ ይን እንደታዘዘችው ተነፈሰች። መጀመሪያ አገሳች። ዓይኔን ገለጥኩ፤ እሷ አትመስልም ነበር። ዝም ባለው አዳራሽ ውስጥ፣ የድንች ነጋዴ ከምሳ በኋላ እንደሚያገሳው፣ ረጅም። ደግማ አገሳች። ከዚያ እንባዋ ይወርድ ጀመር። ፊቷ አላዘነም፣ አልተኮማተረም፤ ውሃው ብቻ ጉንጯ ላይ የቀባችውን የታናካ እንጨት ቅባት እያጠበ ይወርዳል። አንገቷ ቀልቶ ላብ አወጣ። ከዚያ ጉልበቷ ላይ የተቀመጠው ቀኝ እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር። መጀመሪያ አውራ ጣቷ ብቻ፣ ከዚያ አንጓዋ፣ ከዚያ ክንዷ በሙሉ። ትከሻዋ ሲጨመርበት ምንጣፉ መሬቱን ይመታ ጀመር። ሴቶቹ ሁሉ ዓይናቸውን ገለጡ። ምያ ይን በግራ እጇ ቀኙን አፈፍ አድርጋ ያዘችው፤ ፊቷ ከድንጋጤ የተነሳ አመድ መሰለ። እኔም ደነገጥኩ። ያ እጅ ሲነቃነቅ ማየት አንድ የማውቀው ግድግዳ ሲነቃነቅ የማየት ያህል ነበር።

"ምን አየሽ?" አሏት እማሆይ በማግሥቱ።

"እጄ ተንቀጠቀጠ።"

"ከዚያስ?"

"ያዝኩት።"

"ለምን?"

"ሰው ያያላ።"

"ይይ እንጂ። እዚህ የመጣ ሁሉ ይታያል።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ያው ሁላችንም ሰማን። "ስሚኝ ልጄ። አንዷ ተቀምጣ ትስቃለች፣ አንዷ ታለቅሳለች፣ አንዷን ትኩሳት ትኩሳት ይላታል፣ አንዷ ሰውነቷ እንደ ማበጥ ይሰማታል። ስንቷን አይቻለሁ። ዓመት ሙሉ ጨምድዶ የያዘ ሰውነት ሲላላ ዝም ብሎ አይላላም። ሥራ ላይ ሆነሽ፣ ወይም ስትበዪ የሚይዝሽ ከሆነ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ስትቀመጪ ብቻ ከሆነ ግን ተዪው። አታባርሪው፣ አትጋብዢው። 'ይንቀጠቀጣል' በዪ። የት እንደሚጀምር እዪ፣ የት እንደሚያበቃ እዪ። የሚጠበቅብሽ ይኼ ብቻ ነው።"

"ስሙ ምንድን ነው ግን?"

"ስም አውጥቼለት አላውቅም።"

ስም የሚያወጣለት ግን አልጠፋም። አዳራሹ ውስጥ ከሰፈራችን የመጣች አንዲት ሴት ነበረች፤ እኛ ቤታችን ሳንደርስ ወሬው ደርሶ ጠበቀን። በሦስተኛው ቀን ጠዋት የታን ፔ ታላቅ እህት ኤ ቹ የምያ ይንን ደጃፍ ረግጣ ገባች። ኤ ቹ ክፉ አይደለችም። የምትፈራ ሴት ናት፤ ስትፈራ ደግሞ ትጮሃለች።

"አንቺ፣ ቆሌ ወዶሻል" አለቻት ገና ጫማዋን ሳታወልቅ።

"እትዬ፣ ሻይ ልቅዳልሽ።"

"ሻዩ ይቆየኝ። ሰውነትሽ ተንቀጥቅጧል አሉ። እጅሽን ይዞሻል አሉ። ቆሌ ሴት ሲወድ መጀመሪያ የሚይዘው እጇን ነው።"

"እጇን ከያዘማ ጨዋ ነው" አልኩ እኔ።

"አንቺ ዝም በዪ፣ ኒ ኒ። ወርቅ ቤት ሲከለክሉሽ የዋልሽውን ሁሉ እዚህ መጥተሽ ትደፊዋለሽ።" ወደ ምያ ይን ዞረች። "ቀልድ አይደለም። እምቢ ከተባለ ቤቱንም ወርቅ ቤቱንም ይመታል። በነሐሴ የወንድማማቾቹ ቆሌዎች በዓል አለ። ያኔ በከበሮ ትዳሪለታለሽ፤ ከዚያ በኋላ በየበዓሉ እየተከተልሽ ትጨፍሪለታለሽ። ስንቶች እንዲህ ሆነው ዳኑ።"

"ወርቁስ?"

"የቆሌ ሚስት ወርቅ ቤት አትቀመጥም፤ ትኳኳላለች እንጂ።"

ምያ ይን ሻዩን ቀዳች። አንድ ጠብታ ከስኒው አልወጣም። "የትኛው ነው የፈለገኝ?" አለች።

"ትንሹ ወንድም ይመስለኛል።"

"ይሁን እንግዲህ። እሱ ቢያንስ ፈልጎኝ መጣ።"

መሳቅ ጀምሬ አፌ ላይ ቀረ። ኤ ቹ ስኒውን አነሳችና ሳትጠጣ መልሳ አስቀመጠችው። ያን ያህል ዓመት ስለ ታን ፔ መሄድ ከምያ ይን አፍ የወጣ የመጀመሪያው ቃል ይህ ነበር። ኤ ቹ ደግሞ እህቱ ናት።

ያም ሆኖ አልተወቻትም። በሳምንቱ አንዲት የቆሌ ሚስት ይዛ መጣች፤ ስሟ ዶ ማ ማ ነው፣ ወፍራም፣ ከንፈሯን የተቀባች፣ ሳቂታ። ዶ ማ ማ ምንጣፉ ላይ ከተደላደለች በኋላ ስልኳን አወጣችና የቆሌዎቹን ከበሮ ከፈተች። ነጋሪቱ፣ ጸናጽሉ፣ ጥሩንባው ቤቱን ሞላው። ዶ ማ ማ ራሷ ትከሻዋ ይሰበቅ ጀመር። እኔ እንኳ እግሬ አላርፍ አለኝ። ምያ ይን ከመሃል ተቀምጣ ሁለቱ እጆቿ ጭኗ ላይ ዝም ብለዋል። ሙዚቃው አለቀ፣ ሌላ ተከፈተ። ምንም የለም።

"አኩርፎ ይሆናል" አለች ኤ ቹ።

ዶ ማ ማ ስልኳን ዘጋች። "እትዬ፣ በእንጀራዬ አልዋሽም። እኔን የሚይዘኝ ከበሮ ሲመታ ነው። ይቺን የሚይዛት ሁሉ ነገር ጸጥ ሲል ነው። የኛ ቤት እንግዳ አይመስለኝም።"

"ታዲያ ማነው?"

"እሷን ጠይቂያት።"

ኤ ቹ ግን ማንንም አልጠየቀችም፤ ወደ ኡ ባ ቲን ሄደች። አሠሪያችንም ጥሩ ሰው ነው፣ ግን ወርቅ ቤት ያለው ሰው ቆሌ መዳፈር አይችልም፤ መዶሻ መቺዎቹ ጥለውት ይሄዳሉ። ምያ ይንን ጠራና ዓይኗን ሳያይ፣ "እስከ ነሐሴው በዓል ድረስ ጥቅል ማሸጊያው ላይ ሁኚ። ወይ ተድረሽ ይለይለት፣ ወይ አለመሆኑን ቤተሰብሽ ይመስክርልሽ። ኤ ቹ ተወው ካለችኝ በማግሥቱ ቦታሽ ነው" አላት። እሷም እሺ ብላ ከጎኔ ተነሳች። ቦታዋ ላይ አንዲት ልጅ መጣች፤ ቅጠሉን እየቀደደች ታስቸግረኝ ጀመር። ምያ ይን ውጭ ከድሮ ሥራዋ ወርዳ የጥቅል ላስቲክ ትቋጥራለች። በጣም ተናደድኩ። እሷ ግን እሺ ብላ ተቀመጠች። እሺ ስትል ልገርፋት ደረስኩ።

"አንድ ቀን እንኳ እምቢ በይ" አልኳት።

"ለማን?"

"ለማንም። ለኔም ቢሆን።"

ሌላ ላስቲክ አንስታ ቋጠረች።

ማሰላሰሉን ግን አልተወችም። በየጠዋቱ፣ ጎዳናው ሳይነቃ፣ ቤቷ ትቀመጣለች። አንዳንድ ቀን እኔም ሄጄ ከጎኗ እቀመጥና እተኛለሁ። ተኝቼም ቢሆን እሰማታለሁ፤ ትንፋሿ ይገባል ይወጣል፣ ከዚያ ምንጣፉ ወለሉን መምታት ይጀምራል፣ ከዚያ ይቆማል። አሁን አትይዘውም። ስትጨርስ ደክሟት ግን ፊቷ ለስልሶ ትነሳለች። እንቅልፏ ተመልሷል፣ መንጋጋዋም ለቋታል። ታዲያ መንቀጥቀጡ ለምን አይተዋትም ብዬ አስብ ነበር።

የክረምቱ ዝናብ በገባ ሰሞን አንድ ጠዋት፣ ከመቀመጫዋ ሳትነሳ፣ "የት እንደሚጀምር አየሁ" አለችኝ።

ነቃሁ። "የት ነው?"

የቀኝ አውራ ጣቷን ሥር ነካች። "እዚህ ጋ። ማሰሮውን የያዝኩበት። ውሃውን ሳፈስስ እጄ ሊንቀጠቀጥ ፈለገ፤ ጨብጬ ከለከልኩት። ከዚያ በክንዴ ይወጣል። ጉሮሮዬ ጋ ይደርስና ይቆማል።"

"ጉሮሮሽ ጋ ምን አለ?"

"ፈቅጃለሁ ያልኩት።" የምትናገረው እንደ ሁልጊዜዋ ቀስ ብላ ነው። "አልፈቀድኩም ነበር እኮ፣ ኒ ኒ።"

እኔም ተሰልፌ እንኳን ደስ አለሽ ብያታለሁ፤ ሰፈሩ ሁሉ ብሏል። እጇን ያዝኩት። ሞቃት ነበር፣ ዝም ብሎ ነበር። አዘንኩ፤ ለእሷ ብቻ ሳይሆን እዚያ አዳራሽ ውስጥ በደስታ ለጮኸነው ለሁላችንም አዘንኩ።

ለእማሆይ ነገረቻቸው።

"ቁጣ ነው፣ እማሆይ።"

"ቁጣ ከሆነ 'ቁጣ' በዪው።"

"ብያለሁ። አይሄድም።"

"ሂድ እንድትዪው መቼ ነገርኩሽ?"

"መነኩሴ ላይ መቆጣት ኃጢአት ነው።"

"መቆጣትሽን ማየት ኃጢአት አይደለም።" እማሆይ ጭራቸውን አንስተው አንድ ዝንብ አባረሩ። "ለሰው መነገር ያለበት ነገር ከሆነ ደግሞ፣ ልጄ፣ ዕድሜሽን ሙሉ ለመቀመጫሽ ትራስ ስትነግሪ አትኑሪ። ትራስ አይሰማም።"

በክረምቱ መግቢያ ሙሉ ጨረቃ፣ ሰው ሁሉ ለመነኮሳት ልብስ በሚሰጥበት ሰሞን፣ በፒክ አፕ ተጭነን ወንዙን ተሻገርን። የታን ፔ ገዳም ሳጋይንግ ኮረብታዎች ላይ ነው። አንድ ልብስና ሳሙና ይዛለች። እኔ የሄድኩት መነኩሴ ከሴት ጋር ለብቻው ስለማይቀመጥ ነው፤ ምስክር መሆኔ ነው። ደረጃውን ስንወጣ ዝናቡ ጀመረ። ምያ ይን አልቸኮለችም፤ እኔ ግን አፌ ደርቆ ነበር። ያቺ ሴት እንደገና አንገቷን ደፍታ ልብሱን ሰጥታ ትመለሳለች ብዬ ፈራሁ። እንዲያ ከሆነ ኤ ቹ ነሐሴ ላይ ትድራታለች፤ እሺ ማለት ለምዳለችና እሺ ትላለች።

ታን ፔ ከስቷል። ያ መዶሻ ያነሳ የነበረ ክንዱ የአስተማሪ ክንድ መስሏል። ሦስት ጊዜ ሰገድንለት። ልብሱን ተቀበለ፣ መረቀን። መነኩሴ ሴትን በስሟ አይጠራም፤ "በጎ አድራጊዋ፣ ልጅሽ ደህና ናት?" አላት።

"ደህና ናት፣ አባ።" ያን ሁሉ ዘመን አንተ ስትለው የኖረችውን ሰው አባ ትለዋለች።

"ሥራስ?"

"ከቦታዬ ተነስቻለሁ። እህትዎ ለቆሌ ሊድሩኝ ነው።"

ታን ፔ ግራ ገባው። ነገሩን ነገረችው፤ ማዕከሉን፣ እጇን፣ ከበሮውን። ሳትጨምር ሳትቀንስ። ከዚያ፣ "አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት" አለች።

"ጠይቂ።"

"ያን ቀን ትልቁ አባ ፈቅደሻል ወይ ብለው ሲጠይቁኝ፣ እርስዎ ምን ያዩ ነበር?"

ጣራው ላይ ዝናቡ ይወርዳል። "መሬት" አለ።

"ለምን?"

"አንቺን ካየሁ አውቃለሁ ብዬ።"

እጇ ጭኗ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እሱም አየው፣ እኔም አየሁት። አልያዘችውም።

"እንግዲያው አሁን ይዩኝና ይጠይቁኝ" አለች።

መነኩሴ የሴት ፊት ትኩር ብሎ አያይም። ታን ፔ ዓይኑን አነሳ።

"ፈቅደሻል ወይ?"

"አልፈቀድኩም።"

ጣሪያው ይወርድብናል ብዬ ጠበቅኩ። ምንም አልሆነም። ዝናቡ እንደነበረው ነው፣ ግድግዳው ላይ አንዲት እንሽላሊት ሄደች።

"ሰማሁ" አለ።

"ልብሱን ላስወልቅዎት አልመጣሁም። ይልበሱት። ግን አልፈቀድኩም። ውሃውን ሳፈስስ አልፈቀድኩም። ሰው እንኳን ደስ አለሽ ሲለኝ አልፈቀድኩም። ድስት ሳጥብም አልፈቀድኩም።" ድምፅዋ ከፍ እያለ ሄደ፤ እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር። "አንድ ሰው እንኳ ዞር ብሎ አላየኝም፣ አንተም።"

አንተ አለችው። ታን ፔ አላረማትም።

"ለኤ ቹ ንገሪያት" አለ። "የያዘሽ ቆሌ አይደለም፣ እኔ ነኝ በያት። እኔ ራሴ ጽፌ እልክላታለሁ።"

ያኔ አለቀሰች። ማዕከሉ ውስጥ እንዳለቀሰችው ውሃ ብቻ ወርዶ አይደለም፤ አፏን ከፍታ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ ማን ሰማኝ ሳትል ነው ያለቀሰችው። ላቅፋት ተነሳሁና መልሼ ተቀመጥኩ። የሚያስፈልጋት እኔ እንዳልሆንኩ ገባኝ።

በዚህ መሃል የእንጨት ደወሉ ተመታ። የገዳሙ አገልጋይ፣ አንድ ሽማግሌ፣ በበሩ ብቅ አሉ። "አባ፣ ምግቡ ቀርቧል። ቀትር ሊሆን ነው።" ቀትር ካለፈ መነኩሴ እስከ ነገ ንጋት እህል አይቀምስም። ታን ፔ እጁን ትንሽ አነሳ፣ ይሂዱ እንደማለት። ሽማግሌው ቆመው አዩን፤ ከዚያ ሄዱ። ከወዲያ የመነኮሳቱ ሳህን ሲንኳኳ ሰማን፣ በኋላም ሲታጠብ ሰማን። ታን ፔ ሊነካት አይችልም፣ መሐረብም ሊሰጣት አይችልም። ከፊቷ ተቀምጦ አያት። መሬት አላየም።

ዝናቡ ቀለል ሲል እሷም ቀስ በቀስ ጸጥ አለች። በነጠላዋ ፊቷን ጠረገች፣ ወደ በሩ ዞራ ብርሃኑን አየች።

"ምሳዎ አለፈ" አለችው።

"አለፈ።"

"ይርብዎታል።"

"ይርበኛል" አለ፣ ከተቀመጠበትም አልተነሳም።